የማይታየውን ደም ማየት

በንፋስ ስልክ ላፍቶ በተደረገው የደጋፊዎች ስብሰባ ላይ በሕክምና ክፍላችን የቀረበ ንግግር



 ዛሬ ልንነግራችሁ የተነሣንበት ጉዳይ፣ በአደጋ ሆዱን የተመታ ሰው በድንገተኛ ክፍል ውስጥ በምን መሣሪያና በምን ሥርዓት እንደሚመረመር ነው። ነገሩ ለሐኪሞች ብቻ የሚነገር ይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ እናንተንም በሁለት መንገድ ይመለከታችኋል። አንደኛ፣ ለሕክምና መሣሪያ መግዣ ገንዘብ የምታዋጡት እናንተ ናችሁና ምን እንደሚጠቅም የማወቅ መብት አላችሁ። ሁለተኛ፣ አደጋ በደረሰበት ቦታ ቀድሞ የሚገኘው ሐኪም ሳይሆን በዚያ የሚያልፍ መንገደኛ ነው።

ክፍለ ከተማችን የመንገድና የሥራ አገር ነው። ቀለበት መንገዱ ያቋርጠዋል። ወደ ቃሊቲና ወደ ደብረ ዘይት የሚወርደው ከባድ የጭነት መኪና በሳሪስ በኩል ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም በመስቀል አደባባይ አልፎ በንፋስ ስልክ በኩል ወደ ቃሊቲ ይሄዳል። በየአቅጣጫው አዳዲስ ፎቅ ይሠራል፤ መጋዘንና ፋብሪካም ብዙ ነው። እንግዲህ መንገድና ሕንፃ በበዛበት ቦታ ሁሉ በመኪና የሚገጭ እግረኛ፣ ከፎቅ የሚወድቅ የቀን ሠራተኛ፣ በዕቃ ክምር መካከል የሚጨፈለቅ ጫኝና አውራጅ አይጠፋም።

ከእነዚህ ሰዎች መካከል እግሩ የተሰበረው ወይም ግንባሩ የተፈነከተው ጉዳቱ ለሁሉም ይታያል፤ ሰው ይጮኽለታል፣ ይሸከመዋል። የሚያሳስበን ሌላው ነው። አንድ ሠራተኛ ከሁለተኛ ፎቅ ወደቀ እንበል። ይነሣል፤ ልብሱን ያራግፋል፤ ጎኑን ጥቂት እንዳመመው ይናገራል፤ ደም በየትም በኩል አይታይም። ጓደኞቹ ውኃ አጠጥተው ጥላ ሥር ያስቀምጡታል። አመሻሹ ላይ ፊቱ ይገረጣል፣ ያልበዋል፣ ይጠማዋል፣ ከዚያም ራሱን ይስታል። በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ በግራ ጎኑ ከጎድን አጥንት ሥር ያለችው ጣፊያ ተሰንጥቃ ደሙ ወደ ሆዱ ሲንጠባጠብ ቆይቷል ማለት ነው።

ሰውነት ለምን እንዲህ ያታልለናል? የአንድ ጎልማሳ ሰው ደም 5 ሊትር ያህል ነው። ሰውየው ጤናማ ከሆነ እስከ 15 በመቶው ቢፈስ እንኳ ምልክቱ እምብዛም አይታይም። እስከ 30 በመቶ፣ ማለትም እስከ 1 ሊትር ተኩል ቢፈስ ልቡ ቶሎ ቶሎ ትመታለች እንጂ የደም ግፊቱ ሳይወርድ ሊቆይ ይችላል። የደም ሥሮች ይጠብባሉ፣ ልብ ትፈጥናለች፤ በዚህም ሰውነት ጉድለቱን ይሸፍናል። አቅሙ ባለቀ ጊዜ ግን ግፊቱ በድንገት ይወርዳል። ሆድ ደግሞ ሰፊ ከረጢት ነው። ይህን ሁሉ ደም ውጦ ከውጭ ሲታይ ጥቂት የተነፋ ብቻ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ በድንገተኛ ክፍል ውስጥ የሚነሣው ትልቁ ጥያቄ «የትኛው የሆድ ዕቃ ተጎዳ?» የሚል አይደለም። «ሆዱ ውስጥ ደም አለን? አሁኑኑ ወደ ቀዶ ሕክምና ይግባን?» የሚል ነው።

ሐኪሞች ይህን ጥያቄ ለመመለስ ብዙ ዘመን ደክመዋል። የጥንቱ ዘዴ እጅና ዐይን ነበር፤ ሆዱን ይዳስሳሉ፣ ይጠብቃሉ። ዳሰሳ ዛሬም የምርመራ ሁሉ መጀመሪያ ነው። ነገር ግን ጉዳተኛው ራሱን ከሳተ፣ ከሰከረ፣ ወይም የተሰበረው እግሩ ሕመም ሌላውን ሕመም ሁሉ ከሸፈነበት እጅ ብቻውን ይሳሳታል። ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1895 ያገኘው ራጅ ደግሞ አጥንትንና አየርን በደንብ ያሳያል። አንጀት ሲበሳ ከውስጡ ያመለጠው አየር ቀጥ ብሎ በተነሣ የደረት ራጅ ላይ ከሳንባ በታች ይታያል። በሆድ ውስጥ የፈሰሰውን ደም ግን ራጅ ለይቶ አያሳይም። እ.ኤ.አ. በ1965 አሜሪካውያን ሐኪሞች አዲስ ዘዴ አስተዋወቁ። ይኸውም ከእምብርት በታች በትንሹ ቀዶ ቀጭን ቱቦ ማስገባት፣ ንጹሕ የጨው ውኃ መጨመርና የሚመለሰው ውኃ ደም የቀላቀለ መሆኑን ማየት ነው። ይህ ዘዴ ብዙ ሕይወት አድኗል። ነገር ግን ሰውን መቅደድን ይጠይቃል፤ ጥቂት ደም እንኳ ስለሚያሳይ ሊተው ይችል የነበረ ሆድ እንዲከፈትም ምክንያት ይሆን ነበር።

ዛሬ በአብዛኛው ይህን ሥራ የተካው አልትራሳውንድ ነው። እናቶች በእርግዝና ክትትል ጊዜ ሆዳቸው ላይ ቀዝቃዛ ጄል ተቀብቶ የሚታዩበት መሣሪያ ማለታችን ነው፤ ከእሱ የተለየ አይደለም። የሰው ጆሮ በሰከንድ እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ይሰማል። ይህ መሣሪያ ለሆድ ምርመራ የሚልከው ድምፅ ግን በሰከንድ ከ2 ሚሊዮን እስከ 5 ሚሊዮን ጊዜ ይርገበገባል። ድምፁ ወደ ሰውነት ገብቶ ከጉበት፣ ከኩላሊት፣ ከአጥንት እየተመለሰ ሥዕል ይሠራል። የሰፈራችን ስም ከሬዲዮ ቴሌግራፍ የመጣ መሆኑን ከእናንተ መካከል አረጋውያኑ ያውቃሉ፤ ያለ ሽቦ መልእክት የሚያደርሰውን መሣሪያ አባቶቻችን «የንፋስ ስልክ» አሉት። አልትራሳውንድም ሳይቆርጥና ሳይበሳ ከሆድ ውስጥ መልእክት ያመጣል። ጨረር የለውም፤ ስለዚህ ነፍሰ ጡርንም ሕፃንንም ደጋግሞ ማየት ይቻላል።

የምርመራው አሠራር ቀላል ነው። ጉዳተኛው በጀርባው እንደተኛ ሐኪሙ አራት ቦታ ያያል። መጀመሪያ በቀኝ ጎን ጉበትና ቀኝ ኩላሊት የሚገናኙበትን ቦታ ይመለከታል። ሰው በጀርባው ሲተኛ ደም ከሚጠራቀምባቸው ዝቅ ያሉ ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። ቀጥሎ በግራ ጎን ጣፊያና ግራ ኩላሊት የሚገናኙበትን፣ ከዚያም ከእምብርት በታች በፊኛ ዙሪያ ያለውን ይመለከታል። አራተኛው በልብ ዙሪያ ያለው ከረጢት ነው። በጤናማ ሰው ጉበትና ኩላሊት ተጣብቀው ይታያሉ። ደም ካለ ግን በመካከላቸው ጥቁር መስመር ይታያል፤ ፈሳሽ በዚህ መሣሪያ ላይ ጥቁር ሆኖ ነውና። ዘመናዊው አሠራር በሳንባ ዙሪያ አየር ወይም ደም መኖሩንም አብሮ ያያል። በሠለጠነ እጅ ይህ ሁሉ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። ጉዳተኛው ካለበት አልጋ አይነሣም፤ ነርሷም በዚያው ጊዜ በክንዱ ግሉኮስ ከመስቀልና ደም ከመውሰድ አትከለከልም።

ከዚህ በኋላ ውሳኔ ይከተላል። የሰውየው ግፊት ወርዶ በሆዱም ጥቁሩ መስመር ከታየ ሌላ ምርመራ ሲፈለግለት ጊዜ አይባክንም፤ ደም እየተሰጠው በቀጥታ ወደ ቀዶ ሕክምና ይገባል። ግፊቱ ወርዶ በሆዱ ምንም ካልታየ ደሙ ከሌላ ቦታ፣ ከደረት፣ ከዳሌ አጥንት ወይም ከጭን እየፈሰሰ ይሆናልና ፍለጋው ወደዚያ ይዞራል። ሰውየው የተረጋጋ ሆኖ በሆዱ ደም ከታየ ግን ሲቲ ስካን ቢነሣ ይጠቅመዋል። የተረጋጋ ሆኖ ምንም ካልታየ ደግሞ በቅርብ ሲጠበቅ ይቆያል፤ ምርመራውም ይደገማል።

«ይደገማል» የምትለዋን ቃል አጥብቃችሁ ያዙልን። አልትራሳውንድ ደሙን የሚያየው በመቶዎች ሚሊ ሊትር ያህል ከተጠራቀመ በኋላ ነው። አደጋው ከደረሰ በሩብ ሰዓት የታየ ሆድ ንጹሕ ሊመስል፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ግን ደም ሊሞላ ይችላል። እንዲሁም መሣሪያው የተበሳ አንጀትን አዘውትሮ ይስታል፤ ከኩላሊት በስተኋላ የሚፈስ ደምንም በደንብ አያሳይም። ስለዚህ «አልትራሳውንድ ታይቶ ምንም የለም ተባለ» ማለት «ደህና ነው፣ ቤቱ ይሂድ» ማለት አይደለም። የሰውየው ሕመም ከጨመረ፣ ልቡ ከፈጠነች፣ ሆዱ ከጠነከረ ሐኪሙ ሥዕሉን ሳይሆን ሰውየውን ማመን አለበት።

በአገራችን ሌላም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጥቁር ሆኖ የታየ ፈሳሽ ሁሉ ደም አይደለም። የጉበት በሽታ ወይም የሆድ ዕቃ ሳንባ ነቀርሳ ያለበት ሰው ከአደጋው በፊትም በሆዱ ውኃ ሊኖረው ይችላል። በሌላ በኩል አዲስ አበባ ደጋ ብትሆንም ወደ መተማና ወደ ሑመራ ቆላ ለአጨዳ ወርዶ የሚመለሰው ወጣት ብዙ ነው። ወባ ወይም ካላዛር የያዘው ሰው ጣፊያው ያብጣል፤ ያበጠ ጣፊያ ደግሞ በቀላል ምት ይሰነጠቃል። ስለሆነም «ወደ ቆላ ወርደህ ታውቃለህ?» የምትለው ጥያቄ ዋጋ አላት፤ ለመጠየቅም መሣሪያ አያስፈልግም። ደም የሚፈሰውም በአደጋ ብቻ አይደለም። ከማሕፀን ውጭ የተፀነሰ ፅንስ ፈንድቶ የወደቀችን ሴት ይኸው ምርመራ በደቂቃዎች ውስጥ ይለያታል።

ስለ ሲቲ ስካን ብዙዎቻችሁ ትጠይቁናላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ራስ የታየበት ይህ መሣሪያ ከሆድ ዕቃ የትኛው እንደተጎዳ፣ ምን ያህል እንደተሰነጠቀ፣ ደሙም እየፈሰሰ ወይም ቆሞ እንደሆነ በዝርዝር ያሳያል። በእሱ ምክንያት ጣፊያቸውና ጉበታቸው የተሰነጠቀ ብዙ ሰዎች ዛሬ ሆዳቸው ሳይከፈት፣ በአልጋ ላይ በጥብቅ ክትትል ይድናሉ። ይህ ትልቅ በረከት ነው። ሆኖም ጉዳተኛው ወደ መሣሪያው መወሰድ አለበት፤ በዚያም ሐኪምና ነርስ ከአጠገቡ የማይቆሙባቸው ደቂቃዎች አሉ። ግፊቱ የወረደ ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ ሊሞት ይችላል። የሚሰጠውም ጨረር ከሦስት ዓመት ያህል የተፈጥሮ ጨረር ጋር ይተካከላል። እንግዲህ ሁለቱ መሣሪያዎች ተቀናቃኞች አይደሉም። አልትራሳውንድ «ማን ይቅደም?» ለሚለው፣ ሲቲ ስካን «ምን ተጎዳ?» ለሚለው መልስ ይሰጣሉ።

«ማን ይቅደም?» የሚለው ጥያቄ ምን ያህል እንደሚከብድ ከአርመን ምድር መማር እንችላለን። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1988 በዚያ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆነ። ወደ ዋና ከተማዋ ወደ የሬቫን ሆስፒታል በሦስት ቀን ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጉዳተኞች መጡ። ሐኪሞቹም በአልትራሳውንድ 400 ሰዎችን መረመሩ፤ ለአንድ ሰው በአማካይ የፈጀባቸው 4 ደቂቃ ያህል ነበር። ከመቶው 13 ያህሉ ላይ የሆድ ወይም የኩላሊት ጉዳት ተገኘ። ነገሩን አስቡት። በየኮሪደሩ ሰው ሲያቃስት፣ በአንድ ጊዜ ሁሉን ወደ ቀዶ ሕክምና ማስገባት በማይቻልበት ሰዓት፣ መሣሪያው ለሐኪሞቹ ተራ አወጣላቸው። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲጎዳ ለማገልገል ለተነሣን ለእኛ ትምህርቱ ግልጽ ነው።

በአገራችንስ? የድንገተኛ ሕክምና ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ የስፔሻሊስት ሥልጠናው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2010 ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ሙያ የሠለጠኑ ሐኪሞችና ነርሶች በየሆስፒታሉ ሊገኙ ችለዋል። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሥር ያለው አቤት ሆስፒታልም በአደጋ፣ በድንገተኛና በቃጠሎ ሕክምና ላይ ይሠራል። ከእኛ ክፍለ ከተማ የሚነሣ ጉዳተኛ እንደየሰፈሩ ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ፣ ወደ ዘውዲቱ፣ ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም በዘነበወርቅ ወዳለው ወደ አለርት ሆስፒታል ይወሰዳል። አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ለማከምና ባለሙያ ለማሠልጠን የተቋቋመ ሲሆን፣ በኋላ ዘመን የአደጋ ጉዳተኞችንም ተቀብሎ ያክማል። ታዲያ ከለቡ ወይም ከጀሞ ተነሥቶ ከእነዚህ ወደ አንዱ መድረስ፣ በመኪና መጨናነቅ ሰዓት ረጅም ጊዜ ይፈጃል። ጉዳተኛው በመንገድ ላይ ሳለ ደሙ አይቆምም።

ይህን ሁሉ የተናገርነው ወደ አንድ ነገር ልናመጣችሁ ነው። ሲቲ ስካን በመቶ ሺህዎች ዶላር ይገመታል። በእጅ የሚያዝና ከስልክ ጋር የሚገናኝ አልትራሳውንድ በጥቂት ሺህ ዶላር ይገኛል። በየጤና ጣቢያው ለነፍሰ ጡሮች ክትትል የገባው አልትራሳውንድም ይህን ምርመራ ሊሠራ ይችላል። በመሆኑም የመጀመሪያው ጉድለት መሣሪያ ላይሆን ይችላል። መሣሪያ ተቀምጦ የሚያይበት ሰው ከሌለ፣ ሰው ኖሮ ጄል ካለቀ፣ ጄል ኖሮ መብራት ሲጠፋ ባትሪው ካልሠራ፣ ጥቁሩ መስመር ታይቶም የሚሰጥ ደም ካልተገኘ ስጦታው ከንቱ ነው። የአሜሪካ የድንገተኛ ሐኪሞች ማኅበር አንድ ሐኪም በዚህ ምርመራ ለመብቃት በአስተማሪ ዐይን ሥር ከ25 እስከ 50 ሰው እንዲያይ ይመክራል። ስለዚህ «ምን እንግዛላችሁ?» ብላችሁ ስትጠይቁን መልሳችን ይህ ነው፤ ለአንድ መሣሪያ በምትሰጡበት ጊዜ ለአንድ ሠልጣኝም ስጡ፤ ለጥገናና ለባትሪም ጨምሩ። መሣሪያ ርክክብ ፎቶግራፍ ይወጣዋል፤ ሥልጠና ግን አይወጣውም። ቢሆንም የሚያየው የሠለጠነው ዐይን ነው።

ከገንዘብ በላይም የምትሰጡት አለ። ጤነኛ የሆነና ዕድሜው ከ18 እስከ 65፣ ክብደቱም ከ45 ኪሎ ያላነሰ ሰው በየሦስት ወሩ ደም መለገስ ይችላል። የተለገሰው ደም ከ35 ቀን ያህል በላይ አይቆይምና አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚበቃ አይደለም። ሆዱ የደማ አንድ ጉዳተኛ የብዙ ለጋሾችን ደም ሊጨርስ ይችላል።

በመንገድ ላይ አደጋ ሲያጋጥማችሁ ደግሞ እነዚህን አትርሱ። ለቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ ለእሳትና አደጋ በ939 ደውሉ። ጉዳተኛውን አስተኝታችሁ አልብሱት፤ በከንቱ አታንቀሳቅሱት፤ አንገቱንም ጠብቁ። ምግብም መጠጥም አትስጡት፤ ለቀዶ ሕክምና ሊገባ ይችላልና። ሆዱን አትሹት። የተሰካ ነገር ካለ አትንቀሉት። አንጀት ከወጣ ወደ ውስጥ አትመልሱት፤ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ሸፍኑት። «ደህና ነኝ» ቢላችሁም እንኳ ሆዱን ካመመው፣ የቀበቶ ሰንበር በሆዱ ላይ ከታየ፣ ሽንቱ ከቀላ፣ ወይም ሳይመታ የግራ ትከሻው ጫፍ ካመመው የግድ ሐኪም ይየው። ከጣፊያ የፈሰሰ ደም ሕመሙን ወደ ትከሻ ይልካልና።

ስለ ክፍያም የሚፈራ አለ። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799፣ በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው የአስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ደንግጓል። ይህን የሚያውቅ አስታማሚ በሆስፒታል በር ላይ አይሸማቀቅም፤ ባለ መኪናውም ቁስለኛውን ትቶ ለመሸሽ ምክንያት አይኖረውም።

ወገኖቻችን ሆይ፣ በመንገድ ዳር ወድቆ ለተገኘው ሰው የቆመው ሳምራዊ በልቡ አዝኖ ብቻ አላለፈም፤ ቁስሉን አሰረ፣ በአህያው ላይ አስቀመጠው፣ ወጪውንም ከፈለ። የእኛ ዘመን ቁስለኛ ግን ቁስሉ ላይታይ ይችላል። የማይታየውን የሚያይ መሣሪያ ተገኝቷል፤ ዋጋውም ከአቅማችን በላይ አይደለም። የቀረው መሣሪያውን በሠለጠነ እጅ ላይ ማኖር፣ ደሙን አስቀድሞ በባንክ ማስቀመጥ፣ ጉዳተኛውንም ሳይዘገይ ማድረስ ነው። የመጀመሪያው የሐኪሞቹ፣ ሁለተኛው የሁላችን፣ ሦስተኛው በዚያ ሰዓት በዚያ መንገድ የሚያልፍ የማንኛችንም ድርሻ ነው።

 ከዚህ በኋላ ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁን፤ ደም ለመለገስ የምትፈልጉም ስማችሁን በበሩ አጠገብ ላሉት ነርሶች አስመዝግቡ።